እበት የሌለበት የገበያ ቀን

በእኛ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ትምህርት ክፍል መኖሩ የሚታወቀው በገበያ ቀን ነበር። በሌላው ቀን እንደ ማንኛውም ክፍል ነን፤ ሰሌዳ አለ፣ ወንበር አለ፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ተማሪ አለ። በገበያ ቀን ግን ወደ አሰላ የሚወጣው ገበሬ መንገዱን በእኛ በኩል ያደርጋል። የምታነክስ ላም፣ ጀርባው የተላጠ የጋሪ ፈረስ፣ ሆዱ የተነፋ በግ እየነዳ በኋላ በር ይገባል። ከሳጉሬ በኩል ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በእግሩ የሚመጣ አለ፤ ከኦጎልቾ ቆላ ፍየሎቹን አይሱዙ ላይ ጭኖ የሚመጣም አለ። ተማሪዎቻችን ቱታቸውን አጥልቀው ይከቧቸዋል። አንዱ ትኩሳት ይለካል፣ አንዱ እግር ይይዛል፣ አንዱ ይረገጣል። እኔ በመካከላቸው እየዞርኩ እጮሃለሁ። እኩለ ቀን ሲሆን ግቢው በእበትና በሽንት ጨቅይቶ ጫማ የሚያሳርፉበት ደረቅ ቦታ አይገኝም።

የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ የምመራቸው መምህራን ባጃጅ አይሞሉም። መሣሪያችን አሮጌ ነው፣ ማይክሮስኮፖቻችን ከማየት ይልቅ መታየት የሚቀናቸው ናቸው። ያለን ሀብት ገበሬው ነበር። የታመመ ከብት በነፃ ወደ ግቢው ነድቶ የሚያመጣ ሕዝብ ያለው የትኛው ኮሌጅ ነው? ገበሬውም የመድኃኒቱን እንጂ የሕክምናውን ዋጋ አይከፍልም፤ ተማሪው በከብቱ ላይ ሲማር ቆሞ ይታገሣል፤ ሲበዛበት ደግሞ በኦሮምኛ ይሳደባል። በዚህ ዓይነት ለብዙ ዓመት ተስማምተን ኖርን።

ዲናችን ይህን ነገር አይወዱትም ነበር። በትምህርታቸው የሒሳብ ሰው፣ በጠባያቸው የንጽሕና ሰው ናቸው። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር ወደ ኮሌጆች ሲገባ ሌላው ዲን ሥልጠናውን ወስዶ፣ አበሉን ተቀብሎ ረሳው፤ የእኛው ግን አመኑበት። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአካፋ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተሣለ፣ አካፋው እዚያው ላይ ይሰቀላል። መዶሻውም፣ መጋዙም፣ መጥረጊያውም እንዲሁ። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እኔ ግን አልስቅም፣ ከእሳቸው በፊት አንድ አካፋ ፍለጋ ግማሽ ቀን እናባክን ነበርና። ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ ከእበት ጋር ጠብ ነበራቸው፤ እበት ደግሞ ቅርጹ ግድግዳ ላይ አይሣልም።

ግምገማ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከክልሉ ቢሮ በየጊዜው ሰዎች ይመጣሉ፤ ነገሩ በወረቀት ላይ ድጋፍና ክትትል ይባላል። ድጋፉን አይተነው አናውቅም፤ ክትትሉ ግን በየዓመቱ ምሳ ይበላል። ቀድሞ ዘዴውን እናውቀው ነበር። ቦክስ ፋይሎቹን በተራ ደርድሮ ጀርባቸው ላይ ርዕስ መለጠፍ፣ ቃለ ጉባኤዎቹን አሟልቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፈገግ ማለት ነው። በኋላ ግን አንዳንድ ኮሌጆች ያልሰጡትን ትምህርት የሰጡ አስመስለው መዝገብ ሲሞሉ ተያዙና ሕጉ ተለወጠ። የተግባር ትምህርት በወረቀት አይመዘንም፣ ገምጋሚው በዓይኑ ያየው ብቻ ይያዛል ተባለ። እኔ በዚህ ተደሰትኩ። ወረቀት ድሮም አይሆንልኝም፤ እዩኝ ከተባለ ግን በገበያ ቀን የሚታይ ነገር ሞልቶኛል።

የምደሰትበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በቀደመው ግምገማ ክፍላችን ከደረጃ በታች ወድቆ ነበር። መጽሐፍ አነሰ፣ መሣሪያ አረጀ፣ የግቢ ንጽሕና ይሻሻል የሚል አስተያየት ተጽፎብናል። ሁለተኛ ከወደቅን ክፍሉ እንደሚዘጋና ያሉት ተማሪዎች ባሌ ወደሚገኝ ሌላ ኮሌጅ እንደሚዛወሩ በግልጽ ተነግሮናል። ለአብዛኞቹ ተማሪዎች ይህ የአልጋና የምግብ ጉዳይ ነው፤ ያጉረመርማሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመረቃሉ። አንዷ ተማሪዬ ግን መሄድ አትችልም ነበር።

ሳጉሬ የምትኖር ባለትዳር ናት። የምታጠባው ልጅ አላት። ጠዋት ልጁን ለአማቷ ትታ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ጡቷ ሲሞላ ፊቷን እያኮሳተረች ትመለሳለች። ባሏ ገብስና ስንዴ የሚነግድ ወጣት ነው፤ ትማር ያለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማታ ቤቷ እንድትገኝ። ሒጃቧን ከኋላዋ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ እጇን እስከ ክንዷ በላስቲክ ጓንት አልብሳ ላም ሥር ስትገባ ወንዶቹ ገለል ይሉላታል። ተጨቃጫቂ ናት። ከእኔም ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ከገበሬውም ጋር፣ ከላሟም ጋር። ሳጉሬ ላይ የራሷን የእንስሳት መድኃኒት ቤት ለመክፈት ታስባለች፤ ቦታውን እንኳ መርጣለች፣ ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት። የቀራት የመጨረሻው ዓመት ብቻ ነበር።

የግምገማው ቀን ሲነገረን የገበያ ቀን ሆኖ አገኘነው። ቀኑን ያወጡት ከቢሮ ናቸው፤ ለምን ያንን ቀን እንደመረጡ ማንም አልጠየቀም። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ። ዲኑ ግን ግንባራቸውን ይዘው ስብሰባ ጠሩ።

“ይህ ቀን አያመችም” አሉ። “የዚያን ዕለት ገበሬው ከነከብቱ ግቢውን ይሞላዋል። እንግዳ ጠርተን እበት ላይ እናቁም?”

“የእንስሳት ክሊኒክ ያለ እንስሳ ምኑ ይታያል?” አልኩ።

“ባለፈው ጊዜ ምን ጻፉብን? የግቢ ንጽሕና ይሻሻል አላሉም? በራሳቸው እጅ ጽፈውልናል እኮ!”

“የታየ ብቻ ይያዛል ተብሏል። ምን ያያሉ?”

“ተማሪዎቹን ያያሉ፣ ክሊኒኩን ያያሉ። ትምህርት መሰጠቱ ይገባቸዋል፤ ሕፃናት አይደሉም።”

ዙሪያዬን ቃኘሁ። የብየዳው ኃላፊ፣ የልብስ ስፌቷ ኃላፊ፣ የሒሳብ ሹሟ፣ ሁሉም ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቃሉ። ዲኑን ፈርተው አልነበረም። ነገሩ እውነት መስሎ ስለታያቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ የተቀደደው ይሸፈናል፣ የሚጮኸው ወደ ደጅ ይወጣል። እናቴ ራሷ ቤታችን ትልቅ ሰው ሲመጣ እኛን ልጆቿን ወደ ጎረቤት ትልከን ነበር፤ ያ ሁሉ ድካሟ ለእኛ መሆኑ እየታወቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በስብሰባ መርታት አይቻልም። ተናድጄ ወጣሁ፤ በሩን ግን ቀስ ብዬ ዘጋሁ፣ ማጠፊያው አዲስ ተቀብቶ ነበርና።

ከግምገማው በፊት በነበረው ገበያ አንድ ሠራተኛ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከብት ተራው ውስጥ እየዞረ አስታወቀ። በሚቀጥለው ገበያ ኮሌጁ እንግዳ ስላለበት ከብት እንዳታመጡ፣ የሚል ነው። አንድ ሰው እንኳ ቅር ቢለው ምን ነበረበት። ገበሬው እንግዳ የሚለውን ቃል ሲሰማ ክርክሩን ጨረሰ። በዚያው ዕለት ትንሽ ጥጃ ይዘው ክሊኒካችን የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። “እንግዳችሁን አክብሩ፣ እንግዳችሁ በሰላም ይግባ፣ እኛ የቤት ሰዎች ነን፣ እንቆያለን” አሉ። አሜን አልን። ተማሪዬም አሜን አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “መምህር፣ ታዲያ በምን ሊያዩን ነው?” አለችኝ። ጥጃውን ያዢ አልኳት።

ቀኑ ደረሰ። የመንገዱ ዳር ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል። ከብት የሚታሰርበት የእንጨት አጥር ታጥቦ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ተማሪዎቹ በቱታ ፈንታ የተተኮሰ ነጭ ጋውን ለብሰዋል፤ ጥርስ ሊነቅሉ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ክሊኒኩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ማስታወቂያውን ያልሰሙ ጥቂት ገበሬዎች በማለዳ መጥተው ነበር። ዘበኞቹ በኋላ በር በኩል በትሕትና መለሷቸው፤ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ባለው መንገድ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ገበያው ሄዱ። ከመካከላቸው አንዲት ቀይ ላም የፊት እግሯን መሬት አታስነካም ነበር። ተማሪዬ ከኋላ በሩ ቆማ ላሟ እስክትርቅ አየቻት። “ያቺ ሰኮናዋ ውስጥ መግል ይዟል” አለች። እኔም መስሎኛል።

ገምጋሚዎቹ ረፈድ ሲል ደረሱ። ሰብሳቢዋ ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ። የአሰላን ብርድ ያላወቁ ባልደረቦቻቸው ሲንቀጠቀጡ እሳቸው ወፍራም ሹራብ ደርበው መጥተዋል። በመጀመሪያ ግምጃ ቤቱን አዩ። የተሣለውን አካፋና ከላዩ የተሰቀለውን አካፋ እያዩ “ግሩም ነው” አሉ፤ ዲኑ በአንድ ጊዜ ዓመታት የቀነሱ መሰሉ። ብየዳ ክፍል ሄድን፤ ተማሪዎች መነጽር አድርገው ብረት ይበይዳሉ። ልብስ ስፌት ሄድን፤ መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። ገምጋሚዎቹ ያዩትን ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ።

ክሊኒኩ ውስጥ ወፍ እንኳ አልነበረም። ነጭ ለባሾቹ ተማሪዎቼ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው በሰልፍ ቆመዋል። ሰብሳቢዋ አረንጓዴውን አጥር በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጣታቸው ላይ ቀረ።

“ዛሬ እዚህ ገበያ ነው፣ አይደል?” ሲሉ ዲኑን ጠየቁ።

“ነው። ክሊኒካችን ግን በፕሮግራም ነው የሚሠራው” አሉ ዲኑ።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መቼ ነው?”

“በገበያ ቀን።”

“ታዲያ ዛሬስ?”

ዲኑን አየኋቸው። ዲኑ ጣሪያውን ያያሉ። “ዛሬ አልመጡም” አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ሰዓት ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ተማሪዬን መረጧት። እንዴት እንደመረጧት አላውቅም፤ ምናልባት ከሰልፉ ውስጥ መቆም ያቃታት የምትመስለው እሷ ብቻ ስለነበረች ይሆናል። “ነይ እስቲ ልጄ፣ የታመመች ላም ብትመጣልሽ ምን ታደርጊያለሽ? በእጅሽ አሳዪኝ” አሏት። ተማሪዬ ወደ አጥሩ ገባች። የሌለችውን ላም አንገት ያዘች፣ የሌለውን እግር አነሳች፣ በባዶው አየር ላይ ሰኮና መረመረች። ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። ፊቷ ቀላ።

“ከብት ቢኖር ኖሮ…” ብላ ጀመረች።

“ለምን የለም?”

ተማሪዬ ከጫማዋ አንስታ እስከ ዲኑ ፊት ድረስ ቀስ ብላ አየች። “ኤዬ… ገበሬው ሥራ በዝቶበት ይሆናላ” አለች።

“በገበያ ቀን?”

“በገበያ ቀንም ሥራ አለ።”

ሰብሳቢዋ በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ነገር አሏት። ከቆምኩበት የሰማሁት “አትፍሪ” የሚለውን ብቻ ነው። ልጅቱ ሳቅ ብላ አንገቷን ደፋች። ዲኑ ይህን ጊዜ ሻይ መቅረቡን አበሰሩ።

እንግዶቹ ሻይ ሲጠጡ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ አገኘኋትና ጮህኩባት። ማንም ሰው ከራሱ ያነሰ ሲያገኝ እንደሚጮኸው። “ምን ነካሽ? የሚዘጋው ባንቺ ላይ ነው! ሌላው ባሌ ሄዶ ይማራል። አንቺ የት ትሄጃለሽ?”

“መምህር፣ ዲኑ እዚያው ቆመው?” አለችኝ። “ከአባቴ ጋር ብጣላ ቤት ውስጥ እጣላዋለሁ። ሰው ፊት? ወላሂ አላደርገውም። እርስዎስ ያደርጉታል?”

ገና አሁን ስጠየቅ አልመጡም ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ሰጠችኝና ሚኒባስ እንዳያመልጣት ሄደች። ልጁ የሚጠባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

የማጠቃለያው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ሰብሳቢዋ የየክፍሉን ውጤት አነበቡ። ብየዳ መልካም፣ ልብስ ስፌት መልካም፣ የዕቃ አያያዝ እጅግ መልካም። “የእንስሳት ጤና፣ የተግባር ትምህርት ሲሰጥ አልታየም” ሲሉ ድምፃቸው ከሌላው አልተለየም። ወረቀቱን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። “ይህን ከማጽደቃችን በፊት የሚታረም ወይም የሚጨመር ነገር ያለው ሰው አለ?” አሉ። ዲኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉንም አዩ። ጠበቁ። ሰው ይህን ያህል ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛም ያንን አምነን ዝም አልን። አንዱ የውኃ ክዳን ሲከፍት ጠቅ ያለው ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ።

ዲኑ ተነሡ። “ለተሰጠን ገንቢ ግብረ መልስ በኮሌጁ ማኅበረሰብ ስም ከልብ እናመሰግናለን” አሉ። አጨበጨብን። ከልባችን ነበር ያጨበጨብነው፣ እንግዶቹ ያለ ጠብ ሊሸኙ ስለሆነ።

ውሳኔው ብዙም አልቆየም። ክፍሉ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባሌ ተጫኑ፤ እንደጠበቅኩት አጉረመረሙ፣ እንደጠበቅኩት ሄዱ። እኔን የሥርዓተ ትምህርት ክፍል መደቡኝ፤ ሙቀት ያለው ቢሮ ነው፣ አልጠላሁትም። ተማሪዬ መምጣት ተወች። ስደውልላት “እስቲ እናያለን፣ አላህ ያውቃል” ትለኛለች፤ ከጀርባዋ ልጁ ያለቅሳል።

አንድ ቀን ዲኑ ወደ አዲሱ ቢሮዬ መጡ። ቁጭ ሳይሉ “ሳጉሬ እንሂድ” አሉኝ። “ባሏን እናነጋግረው። ባሌ ማደሪያ አለ፣ ደብዳቤ ጽፌ ቦታ አስይዝላታለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት? ሽማግሌ ሆነን ብንለምነው እሺ ይላል።” እንቅልፍ ያጡ ሰው ይመስሉ ነበር። ስለ ልጅቱ ይህን ያህል እንደሚያስቡ አላውቅም ነበርና ተገረምኩ፤ ትንሽም ወደድኳቸው። የኮሌጁን ፒክ አፕ እኔ እየነዳሁ ሄድን።

ቤቱ ተጠርጎ ጠበቀን። የእህል ጆንያዎቹ ወደ አንድ ጥግ ተገፍተው አንሶላ ተጥሎባቸዋል፤ መሬቱ ገና አሁን ውኃ ተረጭቶበታል። ጨጨብሳ ቀረበ፣ በትልቅ ጣሳ ወተት ቀረበ። ባሏ ከእኛ በታች ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዲኑ የሚሉትን ሁሉ ሰማ። ተማሪዬ ልጇን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዲኑ በደንብ ተናገሩ። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ማደሪያው፣ ዓመቱ እንዴት ሳይታወቅ እንደሚያልቅ። ባልየው እስኪጨርሱ ጠብቆ ጠየቀ።

“እኔ ያልገባኝ፣ ለምንድነው የተዘጋው? የሳጉሬ ገበሬ ሁሉ ከብቱን እዚያ ነበር የሚወስደው። እሷን ስጠይቃት አትነግረኝም።”

“የመንግሥት ውሳኔ ነው አልኩህ እኮ” አለች ተማሪዬ ፈጠን ብላ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያልፍ ይችል ነበር። ውሳኔው የመንግሥት ነው፣ ማንም አይከራከርም። ዲኑ ግን ጣሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“እኔ ነኝ” አሉ። “ግቢው እንዳይቆሽሽ ብዬ ገበሬዎቹን እንዳይመጡ አስነገርኩ። ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ነገር አጡ። እሷ ብትናገር ኖሮ አይዘጋም ነበር፣ እኔን ላለማዋረድ ብላ ዝም አለች። የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

ባልየው አልተቆጣም። ከልቡ ሊያውቅ እንደፈለገ ሰው ነው የተናገረው። “ታዲያ ይህን ለእኛ ከሚነግሩን ለእነሱ ቢነግሯቸው አይሻልም ነበር?” አለ።

“ኬሱማ ናቸው እኮ!” ስትል ሚስቱ ጮኸች። እንግዳ ናቸው ማለቷ ነው። ልጁ ደንግጦ አለቀሰ።

ባልየው አፈረ፤ ተነሥቶ የዲኑን ጉልበት ሊነካ ጎንበስ አለ፣ ዲኑ ከለከሉት። ከዚያ መልሱን ሰጠ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ጡት አልጣለም፣ እናቴም አርጅታለች። አሰላ ቢሆን እንደ ድሮው ትማር ነበር። ባሌ ግን አልልካትም።” በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም። ምግቡን ጨረስን፣ መረቅን፣ ወጣን። ተማሪዬ እስከ መኪናው ሸኘችን። ለዲኑ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ያ አስከፋኝ፤ እስከ ዛሬም ያስከፋኛል።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ የጭላሎ ተራራ ራስ በደመና ተሸፍኖ በሚታይበት ዳገት፣ ዲኑ አቁም አሉኝ። ኔትወርክ የሚያዘው እዚያ ነው። ወርደው የመንገዱ ዳር ቆሙና ለሰብሳቢዋ ደወሉ። ነፋሱ ኮታቸውን ያወዛውዘዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሰማኋቸው። “ገበሬዎቹን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ” አሉ። “በጽሑፍም እሰጣለሁ። ከኃላፊነት ብታነሡኝም ይሁን።” ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። “እንዴ?” አሉ አንድ ጊዜ። ቀጥሎ የጠየቁትን ነፋሱ ወሰደብኝ። ስልኩን ዘግተው መጥተው ተቀመጡ፣ በሩንም ዘጉ፣ ቀበቶውን ግን ማሰር ረሱ።

“ምን አሉ?” አልኳቸው።

“ውሳኔው ጸድቋል፣ ከእጄ ወጥቷል አሉ።”

“ገበሬዎቹን ስለማስቀረትዎስ?”

ዲኑ ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ እያዩ ነበር የመለሱልኝ። “ያን ዕለት ጠዋት ሲመጡ ያውቁ ነበር። ከኋላ በር የመለስናቸውን ገበሬዎች መንገድ ላይ አግኝተዋቸው፣ መኪና አቁመው አነጋግረዋቸዋል። ቀይዋን ላም ሳይቀር ነገሩኝ።”

“ታዲያ ለምን አልጻፉትም?”

“እኔም ይህንኑ ጠየቅኋቸው” አሉ ዲኑ። “ ‘ከመካከላችሁ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ልጽፈው ብዕሬን ይዤ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እኮ ስጠይቃችሁ ነው የዋልኩት’ አሉኝ።”